ተጠባባቂው ተጫዋች ከየት መጣ?

ልጆቻችን ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው የእግር ኳስ ቡድን ሲያሰልፉ በየቤታችን እናያለን። አሥራ አንዱን ቋሚ ተሰላፊዎች ከመረጡ በኋላ፣ ለእያንዳንዱ ቦታ አንደኛው ማን እንደሆነ፣ እሱ ቢደክም ወይም ቢጎዳ ማን እንደሚተካው በተራ ይደረድራሉ። እነዚሁ ልጆች ግን ከሠፈር ቡድን ሲመለሱ «ዛሬም አግዳሚ ወንበር ላይ ዋልኩ» ብለው ያኮርፋሉ። ስለዚህ የተጠባባቂውን፣ በዕብራይስጥ «ማኽሊፍ» የሚባለውን ተጫዋች ታሪክ ባጭሩ ልናቀርብላችሁ ወደድን። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለብዙ ዘመን በታላላቅ ውድድሮች ቅያሪ አይፈቀድም ነበር። ተጫዋች ከተጎዳ፣ ቡድኑ ወይ በአሥር ሰው ይጫወታል፣ ወይ የተጎዳውን ሜዳ ላይ ያቆየዋል። በ1956 በእንግሊዝ የኤፍ ኤ ዋንጫ ፍጻሜ የማንቸስተር ሲቲው በረኛ በርት ትራውትማን ከተቃራኒ ተጫዋች ጋር ተጋጭቶ ክፉኛ ተጎዳ፤ የሚተካው ስላልነበረ እስከ መጨረሻው ተጫወተ። አንገቱ መሰበሩ የታወቀው ከጨዋታው በኋላ ነው። በ1962 የዓለም ዋንጫም ፔሌ ተጎድቶ ሳለ እያነከሰ ሜዳ ላይ ቆየ።

በእንግሊዝ ሊግ አንድ ቅያሪ የተፈቀደው በ1965 ነው፤ እሱም ለተጎዳ ተጫዋች ብቻ ነበር። በዓለም ዋንጫ ደግሞ በ1970 በሜክሲኮ ለእያንዳንዱ ቡድን ሁለት ቅያሪ ተፈቀደ። የመጀመሪያው ተቀይሮ የገባ ተጫዋች የሶቪየት ኅብረቱ አናቶሊ ፑዛች ነው። ይህ ውድድር እስራኤል እስካሁን የተሳተፈችበት ብቸኛው የዓለም ዋንጫ ሲሆን፣ ሞርዶኻይ ሽፒግለር ስዊድን ላይ ያገባት ግብ ዛሬም ትታወሳለች።

በዚያው ውድድር ምዕራብ ጀርመን ከጣሊያን ጋር ስትጫወት ሁለቱንም ቅያሪ ጨርሳ ነበርና፣ ፍራንዝ ቤከንባወር ትከሻው ተጎድቶ ክንዱን ከደረቱ ጋር አስሮ ተጫወተ። ጀርመኖች 4 ለ 3 ተሸነፉ። ቅያሪን ቸኩሎ መጨረስ ምን እንደሚያስከትል ከዚህ ይታያል፤ ልጆቻችንም በኮምፒዩተሩ ጨዋታ ይህንኑ ሒሳብ ያሰላሉ።

የኮምፒዩተሩም ጨዋታ የራሱ ታሪክ አለው። በ1982 እንግሊዛዊው ኬቨን ቶምስ «ፉትቦል ማናጀር» የተባለውን ጨዋታ አወጣ። በዚያ ጨዋታ ተሰላፊው ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ያረፈው ያገግማል፤ ስለዚህ ያለ ተጠባባቂ ማሸነፍ አስቸጋሪ ነው። በ1992 ደግሞ ፖልና ኦሊቨር ኮልየር የተባሉ ወንድማማቾች «ቻምፒዮንሺፕ ማናጀር»ን አቀረቡ።

በእውነተኛው ሜዳ ቅያሪ በ1995 ሦስት ሆነ። በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ለጊዜው ወደ አምስት ከፍ አለ፤ በ2022 ደግሞ በቋሚነት በደንቡ ውስጥ ገባ። በዚያ ዓመት የዓለም ዋንጫ አንድ ቡድን እስከ 26 ተጫዋች ማስመዝገብ ይችል ነበር፤ አሥራ አንዱ ሲሰለፉ አሥራ አምስቱ ይጠባበቃሉ ማለት ነው።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። አግዳሚው ወንበር የተዘረጋው የአንዱን ሸክም ሌላው እንዲቀበል ነው እንጂ ደካማን ለመለየት አይደለም። ልጃችን ሲያኮርፍ ይህን ታሪክ እንንገረው። ወንበሩ ላይ የሚውለው ሁልጊዜ እሱ ብቻ ከሆነ ግን፣ ምክንያቱን አሠልጣኙን በአክብሮት እንጠይቅ፤ ተጠባባቂ የሚቀመጠው ተራው ሲደርስ ሊገባ ነውና።