የተተከለ ሁሉ አይጸድቅም
ስለ ጎንደር ገነቶችና ስለ ጠባቂ ማኅበሮቻቸው

ችግኝ ሥር ሰድዶ፣ የመጀመሪያውን በጋ ተሻግሮ ሕያው ሆኖ ሲገኝ «ጸደቀ» እንላለን። ይኸው ቃል ለሰው ሲነገር ከኀጢአት መንጻትን፣ ከፍርድ ማምለጥን ያመለክታል። ገበሬው ለተክል፣ ካህኑም ለነፍስ በአንድ ቃል መጠቀማቸው እንዲያው የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም። መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ መጽደቅ ግን በፈተና ውስጥ አልፎ የሚገኝ ውጤት ነው። በሐምሌ ጭቃ ማንም ይተክላል። ተክሉን የሚፈርድበት መጋቢት ነው።

ጎንደርን የምናውቃት በድንጋይዋ ነው። ስለ ግንቦቹ ብዙ ተጽፏል፤ በግንቦቹ ጥላ ሥር ስለ ነበሩት ገነቶች፣ ዐጸዶችና ጓሮዎች ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማንሣት የምፈልገው ጥያቄ አንድ ነው፤ በጎንደርና በዙሪያዋ ባለው ደጋ ካለፉት አራት መቶ ዓመታት ወዲህ ከተተከለው መካከል የትኛው ጸደቀ? የጸደቀውስ ስለ ምን ጸደቀ? ጥያቄው የታሪክ ብቻ አይደለም። ዛሬ በየትምህርት ቤቱና በየቀበሌው «የአካባቢ ጥበቃ ክበብ» እየተባለ የሚቋቋመው ማኅበር ሁሉ ዕጣው የሚወሰነው በዚሁ ጥያቄ ነው። (ዘመኑ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)

የነገሥታቱ ገነት

ታሪኩ ከጎንደር መቆርቆር ትንሽ ይቀድማል። ዛሬ የጎንደር ከተማ አካል በሆነችው በአዘዞ ዐፄ ሱስንዮስ (1599–1624) ያሠራው ግቢ ስሙ «ገነተ ኢየሱስ» ነበር። ስሙ እንደሚያመለክተው ስፍራው በእርግጥም ገነት ነበረው። ከቤተ ክርስቲያኑና ከኢየሱሳውያኑ መኖሪያ ጋር በግንብ የተሠራ ኩሬ፣ ከኩሬውም ጋር የአትክልት ቦታ ነበር። የስፔን አርኪዮሎጂስቶች ፍርስራሹን ቈፍረው አጥንተውታል። ይሁን እንጂ የአዘዞ ገነት ዕድሜው አጭር ሆነ። ንጉሡ በሃይማኖት ምክንያት ከሕዝቡ ጋር ተጋጭቶ፣ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1624 ዓ.ም. ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ። ኢየሱሳውያኑም ተባረሩ። የተከለውና የሚያጠጣው እጅ ሲሄድ ገነቱም አብሮ ሄደ። የቀረው የድንጋዩ ኩሬ ነው።

ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ሲቆረቁር ከቤተ መንግሥቱ ራቅ ብሎ፣ በቀሃ ወንዝ አጠገብ ሌላ የውኃ ግቢ እንዳሠራ ይነገራል። ዛሬ «የፋሲል መዋኛ» የምንለው ነው። ይህ ስፍራ ከአዘዞው የተለየ ዕድል ገጠመው። ነገሥታቱ ሲያልፉ ሕዝቡ አልተወውም። በየዓመቱ ለጥምቀት ውኃው ከቀሃ በቦይ እየተጠለፈ ይሞላል፤ ታቦታቱ በዚያ ያድራሉ፤ ወጣቱ ወደ ውኃው ይወረወራል። የቅጥሩን ግንብ እንደ ክንድ ያቀፉት የእነዚያ ትልልቅ ዛፎች ሥሮች የንጉሥ አትክልተኛ የተንከባከባቸው አይደሉም። ዘውድ በሌለበትም ዘመን ሕዝብ በየዓመቱ የሚሰበሰብበት ጥላ በመሆናቸው ያልተቈረጡ ናቸው።

የእቴጌ ምንትዋብን ቁስቋም ደግሞ በእንግዳ ዓይን እናያታለን። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በየካቲት 1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲገባ የፈንጣጣ በሽታ ገብቶ ነበርና በቁስቋም ግቢ የመኳንንቱን ልጆች ሲያክም ቆየ። ብሩስ ከታሪኩ ጎን ዕፅዋትን ይመዘግብ ነበር፤ ሥዕሉን የሚሠራለት ጣሊያናዊው ሉዊጂ ባሉጋኒ ጎንደር ላይ ሞቶ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1790 በታተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፉ ውስጥ ኮሶ ከነሥዕሉ ለአውሮፓ ሰዎች ቀረበ። ያገሬው ሰው «ዋጊኖስ» የሚለው ቁጥቋጦ ብሩስን በቆላ ሳለ ከያዘው ብርቱ ተቅማጥ ያዳነው ነው፤ በሳይንስ ዓለም ግን በእንግዳው ስም «ብሩሴያ» ተብሎ ተጠራ። ልብ እንበል፤ ተክሉን የሚያውቁት፣ ልኩን የሚለዩት፣ በጓሯቸው ወይም በዱራቸው የጠበቁት ሰዎች ስማቸው በየትም አልተጻፈም። የጓሮ ዕውቀት በሀገራችን ስም የለሽ ሆኖ የኖረ ዕውቀት ነው።

ዐጸዱና ንቦቹ

ጎንደር ሁለት ጊዜ ክፉኛ ተቃጠለች። በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ዘርፈው አቃጠሏት። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ የመሐዲስቶቹ ጦር ገብቶ የተረፈውን አጠፋ። «አርባ አራቱ ታቦት» ከሚባሉት አድባራት አብዛኞቹ እሳት በላቸው። ከዚህ ጥፋት ከተረፉት አንዱ በአድያም ሰገድ ኢያሱ ዘመን የተሠራው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። እንዴት ተረፈ ቢባል፣ የጎንደር ሰው የሚመልሰው አንድ ነው፤ ጠላት ወደ ቅጥሩ ሲቀርብ የንብ መንጋ ወጥቶ በተነው።

ይህ ትውፊት ነው፤ የታሪክ ሰነድ አድርጌ አላቀርበውም። ይሁንና ትውፊቱ ራሱ የሚያስተምረው ነገር አለ። ንብ በባዶ ሜዳ አይኖርም። ንብ እንዲኖር አበባ፣ አበባ እንዲኖር ዛፍ፣ ዛፍ እንዲኖር ደግሞ ምሳር የሚከለክል ሕግ ያስፈልጋል። ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያኑን ያዳነው ንብ ነው ሲል ሳያውቀው ዐጸዱን፣ ማለትም በቅጥሩ ውስጥ ያሉትን ጽድና ወይራ፣ እያመሰገነ ነው።

«ዐጸድ» የሚለው ቃል በግዕዝ ቅጥርንም የአትክልት ስፍራንም ያመለክታል። የወይን ተክል ያለበት ቦታ ዐጸደ ወይን ነው። እኛም ትንንሽ ልጆቻችንን የምንልክበትን ቤት ዐጸደ ሕፃናት ብለን ስንሰይም፣ ልጅም እንደ ችግኝ አጥር እንደሚያስፈልገው መመስከራችን ነው። በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 ባቀረቡት የምርምር ሥራ ያሳዩት ይህንኑ ነው። በደኑ ውስጥ ወድቆ የበቀለ ዘር እንዳያድግ የሚያደርገው ከብት ሲሆን፣ ከብት በማይገባበት ቦታ ግን ዛፉ ራሱን ይተካል። ከዚያም ወዲህ በልዩ ልዩ አድባራት ዙሪያ የድንጋይ አጥር ተሠርቷል። የሥራው አብዛኛ ክፍል የአጥቢያው ሰው ድንጋይ መልቀምና መካብ ነው።

ዛፍን ማክበር የአንድ ሃይማኖት ብቻ አልነበረም። የቅማንት ሕዝብ ጥንታዊ አምልኮውን የሚፈጽመው በተከለለ የዛፍ ጥላ ሥር ነበር፤ ዛፉም አይነካም ነበር። በሌላ በኩል ያለፈውን ከልክ በላይ ማስዋብ አይገባም። አድባራቱ የጉልት ባለቤቶች ነበሩ። ዐጸዱን ያቆመው የምእመናን ፍቅር ብቻ ሳይሆን የገባሩም ጉልበት ነው። ሆኖም ጉልቱ በ1967 ዓ.ም. ከቀረ በኋላ ብዙ ዐጸዶች ቆመው መገኘታቸው፣ ከሥርዓቱ ሥር ሌላ የጠለቀ ሥር እንደ ነበራቸው ያስረዳል። ያ ሥር ማኅበሩ ነው።

ጓሮና ደቦ

ከቤተ መንግሥቱም ከቤተ ክርስቲያኑም ያነሰ፣ ከሁለቱም የጸና ሦስተኛ ገነት አለ፤ እርሱም ጓሮ ነው። ጌሾው ለጠላው፣ ጎመኑ ለወጡ፣ ጤና አዳሙ ለቡናው፣ ዳማ ከሴው ለምቹ፣ በሶብላው ለበርበሬው። የጓሮው ባለቤት ሴት ናት። ዘሩን በቅል አስቀምጣ ለከርሞ የምታሳድር፣ ለጎረቤት የምታካፍል፣ ለተዳረች ልጇ ቋጥራ የምትሰጥ እርሷ ናት። ከተማ ሲቃጠል ቤተ መጻሕፍት ይቃጠላል፤ በሰው እጅ ተካፍሎ የተበተነ ዘር ግን አንድ ቦታ ስለማይገኝ አይቃጠልም።

ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ተራሮች ስንወጣ ነገሩ ይከብዳል። እዚያ ገብስ የሚዘራው አፈሩ በሚንሸራተት ገደል አፋፍ ላይ ነው። ጅብራና አስታ በሚበቅሉበት ከፍታ ውርጭ ችግኝ ይፈጃል። በእንዲህ ያለ ምድር ብቻውን የሚኖር ገበሬ የለም። ጉልበትን በጉልበት፣ ቀንን በቀን የሚመልሰው ወንፈል፣ ባለቤቱ አብልቶና አጠጥቶ ብዙ ሰው የሚጠራበት ደቦ፣ የደጋው ሰው ለዘመናት ያቋቋማቸው፣ ማኅተምና ደብዳቤ የሌላቸው ክበባት ናቸው። በወንፈል የማይመልስ ሰው ለከርሞ አይጠራም። ደንቡ ይኸው ነው፤ ደንቡንም ሁሉም ያውቀዋል።

ትእዛዝና ችግኝ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የሕዝብ ሀብት ሆኑ። የገበሬ ማኅበራትና የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ቀጥሎም የሴቶችና የወጣቶች ማኅበራት ተቋቋሙ። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላም በሰሜኑ ደጋ እርከን ሥራና ችግኝ ተከላ በ«ምግብ ለሥራ» በሰፊው ተካሄደ። የተሠራው ሥራ ቀላል አልነበረም። ዛሬም በተራራው ወገብ ላይ የዚያን ጊዜ እርከን የሚታይበት አለ።

ነገር ግን በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ የሀገሪቱ ክፍሎች የማኅበር ደኖች ተጨፈጨፉ፤ እርከኖችም ፈረሱ። ለምን? ገበሬው የዛፍን ጥቅም ሳያውቅ ቀርቶ ነውን? ጓሮውን የሚያውቅ ሰው ዛፍ አያውቅም ማለት ስድብ ነው። ምክንያቱ ሌላ ነው። ደኑ «የማኅበር» ቢባልም ማን እንደሚቈርጠው፣ ማን እንደሚካፈለው፣ ቅርንጫፉ የማን እንደ ሆነ ገበሬው አልወሰነም። ዛፉን የተከለው በእጁ ቢሆንም በቃሉ አልነበረም። ስለዚህ የአዛዡ ዘመን ሲያልፍ፣ የአዘዞን ገነት ያገኘው ዕጣ የተራራውን ደን አገኘው።

ስለ ክበባት

በተማሪነቴ የአንድ ትምህርት ቤት የአትክልት ክበብ አባል ነበርሁ። በሐምሌ ተጠርተን ተከልን፤ ንግግር ተደረገ፤ ጭብጨባም ነበር። መስከረም ላይ ችግኞቹ ለምለም ነበሩና ተደሰትን። በጥር አጥሩ ተሰበረ። በመጋቢት ፍየል ገባ። በሰኔ ክረምት ሲገባ በዚያው ጉድጓድ ሌላ ችግኝ ተከልን። ጉድጓዱን የቈፈርሁት እኔ ነኝና ያንኑ ጉድጓድ ሁለተኛ ስቈፍር የተሰማኝን እፍረት አልረሳሁትም። ጥፋቱ የማንም አልነበረም፤ የማንም አለመሆኑ ነው ጥፋቱ። የሚያጠጣ ተረኛ አልተመደበም፤ የሚጠየቅ ስም አልነበረም።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላው ሀገራችን በአንድ ቀን ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት ተገልጿል። ያን ያህል ሕዝብ ለተከላ መውጣቱ ታላቅ ነገር ነው። የሚቀጥለው ቁጥር ግን የጸደቀው ነው። ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ1977 የመሠረቱት የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄ ለገጠር ሴቶች ጥቂት ገንዘብ ይከፍል የነበረው ለተከሉት ሳይሆን ለጸደቀላቸው ችግኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት እስከ ማግኘት ያደረሳቸው ሥራ በዚህ ቀላል ሒሳብ ላይ የቆመ ነበር።

ለጎንደር ይህ የጌጥ ጉዳይ አይደለም። ለከተማዋ ውኃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ ከዙሪያው ኮረብታ በሚወርድ ደለል ሲሞላ ኖሯል። ተራራው ላይ አንድ ዛፍ ሲጎድል በከተማው ቧንቧ ውኃ ይጎድላል። ጀሪካን ይዛ በሌሊት የምትሰለፈው እናት የምትከፍለው የዚያን ዛፍ ዕዳ ነው።

እንግዲህ ታሪኩ ለክበባት የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው። ከዐጸዱ አጥርን ይማሩ፤ ያልታጠረ ችግኝ ለፍየል የተዘጋጀ ምሳ ነው። ከወንፈል ተራን ይማሩ፤ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ማን በየትኛው ቀን እንደሚያጠጣ በስም ይጻፍ። ከጓሮ ድርሻን ይማሩ፤ የፍሬው፣ የሣሩና የማሩ ተካፋይ ማን እንደ ሆነ ከመትከል በፊት ይወሰን። ከጥምቀቱ ዛፎች ደግሞ በዓልን ይማሩ፤ ሕዝብ በየዓመቱ የሚመለስበት ጥላ ጠባቂ አያጣም። የሥራ ኃላፊው ሪፖርቱን በሐምሌ ሳይሆን በግንቦት ይጠይቅ። መምህሩ ክበቡን ክረምት ከመዘጋቱ በፊት ለአጥቢያው ሽማግሌዎችና እናቶች ያስረክብ። ከያኒውም ስም የለሽ ሆኖ የኖረውን የጓሮ ዕውቀት ስም ይስጠው፤ ለግንቦቹ የጻፍነውን ያህል ለጌሾዋና ለኮሶዋ አልጻፍንምና።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል የሀገራችን ሰው። በፋሲል መዋኛ የሥሩ ክንዶች ድንጋዩን ጨብጠው ይታያሉ። ከንጉሡ ግንብ ጋር እዚያ ያደረሳቸው፣ ሎሚውን ለሃምሳ የተካፈለው ሕዝብ ነው።