ሽንኩርት እንዴት «የአበሻ ሽንኩርት» ሆነ

ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ አዋሽ መልካሳን አልፎ ደራ ገበያ የገባ ሰው «ቀይ ሽንኩርት» ብሎ ቢጠይቅ፣ የሚመዘንለት ድቡልቡልና ትልልቅ ራስ ያለው ሽንኩርት ነው። ትንሹን፣ ሲላጥ ውስጡ ለሁለት ለሦስት ተከፍሎ የሚገኘውን፣ ውኃው ጥቂት ጠረኑ ግን ብርቱ የሆነውን ከፈለገ «የአበሻ» የሚል ቃል መጨመር አለበት። ይህ ቅጽል ገና አዲስ ነው። ለብዙ ዘመን በወጣችን ውስጥ የኖረው ቀይ ሽንኩርት ይኸው ትንሹ ነበርና፣ ከነጩ ለመለየት «ቀይ» ማለት ብቻ ይበቃው ነበር። ነባሩ ነገር ስሙን ለእንግዳ ለቆ ራሱ ቅጽል ሲለጠፍበት በሌላም አይተናል። የፈረንጅ ዶሮ ሲመጣ የእኛው «የአበሻ ዶሮ» ሆነች፤ ጥቅል ጎመን ሲለመድ ጓሮ የኖረው ጎመን «የአበሻ ጎመን» ተባለ።

ቃሉ ራሱ ግን ጥንታዊ ነው። በግዕዝ ስጉርድ፣ በትግርኛ ሽጉርቲ፣ በአማርኛ ሽንኩርት፤ ሦስቱን አከታትሎ ለጠራቸው ዝምድናቸው በጆሮ ይሰማል። አማርኛ «ን»ን አስገብቶ «ግ»ን ወደ «ክ» አጠነከረው። የሚገርመኝ በዙሪያችን ያሉት ሴማውያን ቋንቋዎች የሚጋሩትን ስም የዕለት ንግግራችን አለመያዙ ነው። ዓረቡ በሰል፣ ዕብራዊው ባጻል ይላል፤ ሶማልኛም ከዓረብኛ ወስዶ በሰል ይለዋል። እኛ በአንዱ የራሳችን ቃል ላይ እያከልን ቤተሰቡን ሁሉ ጠራንበት፦ ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ባሮ ሽንኩርት። ኦሮምኛም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ ቁሉቢ ዲማ ቀዩ፣ ቁሉቢ አዲ ነጩ ነው። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ደግሞ ሹንኩርቲ የሚለውም ይሰማል።

ስሙን የወሰደው እንግዳ በስፋት የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው የመልካሳ ምርምር ማዕከል ለአካባቢው የሚስማሙትን ዝርያዎች እየመረጠ ለገበሬ አደረሰ። ከእነዚያ ዝርያዎች አንዱ «አዳማ ቀይ» ይባላል። ስሙ ሲወጣለት ከተማዋ ገና ናዝሬት ነበረች። አዳሚ ከሚባለው ቁልቋል መጣ የሚባለውን የቀድሞ ስም ሽንኩርቱ ከከተማዋ መዝገብ ቀድሞ መልሶታል ማለት ነው። «ቦምቤ ቀይ» የሚባለው ደግሞ የሕንዷን ከተማ አሮጌ ስም እንደያዘ ቀርቷል፤ ከተማዋ ሙምባይ ከተባለች ከ1995 እ.ኤ.አ. ወዲህም አርሶ አደሩ የሚያውቀው ቦምቤን ነው።

እንግዳው ያሸነፈው በጣዕም አይመስለኝም። ድሉ የዘር ነው። ለአንድ ሄክታር 4 ኪሎ ያህል የእንግዳው ሽንኩርት ፍሬ ሲበቃ፣ የአበሻው ሽንኩርት ከ10 ኩንታል በላይ ራስ መሬት ውስጥ ይፈልጋል። ያ ሁሉ ሊበላ ወይም ሊሸጥ ይችል የነበረ ነው፤ እስከ መትከያው ወቅትም ሳይበሰብስ መቆየት አለበት። የመስኖ ገበሬ ይህን ቢሸሽ አይፈረድበትም።

ፈረንጆቹ ለዚህ ትንሽ ሽንኩርት የሰጡት ስም ከእኛው የባሰ ጉዞ አለው። ፈረንሳይኛው ኤሻሎት፣ ጣሊያንኛው ስካሎኞ፣ እንግሊዝኛው ሻሎት ሁሉም የሚመዘዙት ከአስቀሎና ነው፤ ዳዊት በሳኦልና በዮናታን ሞት ሲያለቅስ ስሟን ካነሣት የፍልስጥኤማውያን ከተማ። ሮማዊው ፕሊኒም ይህን ሽንኩርት በዚያች ከተማ እንደተሰየመ ጽፏል። ነገር ግን ግሪካዊው ቴዎፍራስጦስ ስለ አስቀሎና ሽንኩርት ሲናገር፣ ከሥሩ የማይከፈልና በፍሬ ብቻ የሚዘራ ይለዋል። ዛሬ ያንን ስም የተሸከመው ተክል ዋና ጠባዩ ግን ከሥሩ መከፈሉ ነው! ስሙ በመንገድ ላይ ከአንዱ ሽንኩርት ወርዶ ሌላው ላይ ተቀምጧል። በደራ ገበያ «ቀይ ሽንኩርት» የደረሰበትም ይኸው ነው፤ ከሚከፈለው ወርዶ በፍሬ በሚዘራው ላይ ወጣ።

ለጓሮ ግን የሄክታሩ ስሌት አይሠራም። ጥቂት መደብ ላላት እናት አንድ ኪሎ ራስ ይበቃታል፤ ችግኝ ማፍላትም አያስፈልጋትም። የአማርኛ «ዘር» ፍሬውንም ለተከላ የተቀመጠውንም ራስ እኩል ይጠራል፤ ለዚህ ተክል ደግሞ ትክክለኛ ነው፣ የሚተከለው ራሱ ነውና። መመረጥ ያለበት ጠንካራውና መካከለኛው ነው። የለሰለሰውን ወይም ሻጋታ የነካውን ለመደቡ ማሳየት አይገባም። አዲስ የተነቀለም ቢተከል ለመብቀል ይዘገያል፤ ሳምንታት ማረፍ ይፈልጋል። ሥሩ ወደ ታች፣ ጫፉ ከአፈሩ ጋር እኩል ሆኖ፣ በራስና በራስ መካከል አንድ ስንዝር ያህል እየተተወ ይተከላል። ውኃ የሚቋጥር መሬት ያበሰብሰዋል፤ ስለዚህ የደራ ደረቅ ወራትና ልክ ያለው ውኃ ከክረምቱ ዝናብ ይሻሉታል። በሦስት ወር ከግማሽ ገደማ ቅጠሉ ሲወድቅ ውኃው ይቆማል፤ ከዚያ ተነቅሎ ነፋሻ ጥላ ላይ ይደርቃል። ከአንዱ ራስ አምስትም ስምንትም ተያይዘው ይወጣሉ።

ተመራማሪዎቹም ነባሩን አልተዉትም። በተለይ የደብረ ዘይቱ ማዕከል ከገበሬው ማሳ እየመረጠ ካሻሻላቸው የአበሻ ሽንኩርት ዝርያዎች አንዱ «ሁሩታ» ይባላል፤ ከደራ ብዙም የማትርቀው የአርሲዋ ከተማ ስም ነው። ዶሮ ወጥ ልትሠራ ቁሌት የምትጥድ ሴት ግን እስከ ዛሬ «የአበሻውን ስጠኝ» ነው የምትለው፤ ሻጩም የትኛውን እንደሆነ መልሶ አይጠይቃትም።