የዳር አገር በር፦ ሁለተኛው ደረጃ ሊግ በጎንደርና በገዳሪፍ መንገድ

የአንድ አገር የእግር ኳስ ታሪክ በሚነገርበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው ዋንጫ ነው። ማን ስንት ጊዜ አሸነፈ፣ ማን ስንት ግብ አገባ የሚለው በዝርዝር ይጻፋል። ከአሸናፊዎቹ ዝቅ ብሎ ስላለው ደረጃ፣ ማለትም ወደ ላይኛው ሊግ ለመግባት በየዓመቱ ስለሚታገሉት ቡድኖች የሚጻፈው ግን እጅግ ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ሁለተኛውን ደረጃ ሲሆን፣ የምንመለከተውም ከጎንደር ተነሥቶ በመተማና በገላባት በኩል ገዳሪፍ በሚደርሰው መንገድ ላይ ቆመን ነው። ለዋና ከተማ ሰው ሁለተኛው ደረጃ የተሸናፊዎች ማቆያ ይመስለዋል። ለዳር አገር ከተማ ግን ስሟ በአገር አቀፍ ሰንጠረዥ ላይ የሚጻፍበት ብቸኛ በር ነው። ይህ በር እንዴት እንደ ተከፈተና ምን እንደሚዘጋው መመርመር የታሪክ ትምህርት ሥራ ነው ብለን እናምናለን።

መንገዱና ከተሞቹ

ከጎንደር እስከ መተማ ወደ 200 ኪሎ ሜትር፣ ከገላባት እስከ ገዳሪፍ ደግሞ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ተማሪዎቻችን መተማን የሚያውቁት በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ በወደቁበት ጦርነት ነው። ከ13 ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1894 ዓ.ም.፣ ዐፄ ምኒልክና እንግሊዞች በተፈራረሙት ውል ወሰኑ ተሠመረ። መተማ ወዲህ፣ ገላባት ወዲያ ሆኑ። ይሁን እንጂ ነጋዴው፣ እረኛውና የቀን ሠራተኛው በመንገዱ መመላለሱን አልተወም።

ገዳሪፍ ጥንት ሱቅ አቡ ሲን እየተባለች የምትጠራ የገበያ ቦታ ነበረች። የባቡር ሐዲድ በ1916 ዓ.ም. ከሰላ ከደረሰ በኋላ ወደ ገዳሪፍ ቀጥሎ በ1921 ዓ.ም. ግድም ከሰናር መስመር ጋር ተገናኘ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ በምሥራቅ አፍሪካ ለነበረው የእንግሊዝ ጦር ቀለብ ለማቅረብ ሲባል በ1936 እና በ1937 ዓ.ም. በጋደምበሊያ በትራክተር የሚካሄድ የማሽላ እርሻ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ የገዳሪፍ ሜዳ የማሽላና የሰሊጥ አገር ሆነ። ለአረምና ለአጨዳ ከኢትዮጵያ በየዓመቱ ብዙ ሠራተኛ ወሰን ይሻገር ጀመር። ከወሰኑ ወዲህ በሑመራና በመተማ ቆላም ይኸው የሰሊጥ ሥራ ተስፋፋ።

ይህን ሁሉ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በእንዲህ ያለ አገር የኳስ ሜዳው ከእርሻው ጋር አንድ አፈር ነው። አፈሩ መረሬ ስለ ሆነ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት እግር ይይዛል። የወጣቱም ጊዜ በአረምና በአጨዳ የተከፋፈለ ነው። በመደበኛ ሊግ ለመወዳደር የሚፈልግ ቡድን ደመወዝ፣ መኪና፣ ሜዳና የማይቋረጥ ሰላም ያስፈልገዋል። ለዳር አገር ከተማ እነዚህን አራቱን ባንድነት ማግኘት ዋንጫ ከማንሣት የማይተናነስ ድል ነው።

የዋና ከተማ ጨዋታ

በኢትዮጵያ የሻምፒዮና ውድድር የተጀመረው በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። የተወዳደሩት አምስት ቡድኖች ሲሆኑ እነርሱም ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የኢጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበሩ። በጋደምበሊያ ትራክተሮች መሬት መገልበጥ የጀመሩት በዚሁ ጊዜ ግድም መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። በኋላ የአሥመራና የድሬዳዋ ቡድኖች ገብተው ዋንጫም ወሰዱ። ሁለቱም ግን የባቡርና የፋብሪካ ከተሞች ነበሩ።

በሱዳንም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በ1922 ዓ.ም. የተመሠረተው አል ሒላልና ተቀናቃኙ አል መሪኽ፣ ሁለቱም የኦምዱርማን ቡድኖች፣ የአገሪቱን ሻምፒዮና ለሁለት ተካፍለውት ኖረዋል። ከዋና ከተማው ውጭ ያለ ቡድን አሸነፈ የሚባለው አልፎ አልፎ ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን በ1984 ዓ.ም. ሻምፒዮና የሆነው የፖርት ሱዳን አል ሒላል ነው። ፖርት ሱዳንም የባቡርና የወደብ ከተማ መሆንዋን እናስታውሳለን።

የሚያስገርመው ነገር ሁለቱ አገሮች ለመላው አፍሪካ በር ሲከፍቱ የራሳቸው ጠረፍ ገና ደጅ የቆመ መሆኑ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የተመሠረተው በየካቲት 1949 ዓ.ም. በካርቱም ሲሆን፣ መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላቀርብም በማለትዋ ከውድድሩ ስለ ወጣች ኢትዮጵያ ሳትጋጠም ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። በየካቲት 1962 ዓ.ም. ሱዳን በካርቱም ጋናን 1 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫ አነሣች። ከመሥራቾቹ አንዱ የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ነበሩ። አህጉሩን ያሰባሰቡ አገሮች ጎንደርንና ገዳሪፍን በአገር ውስጥ ሊግ ለማሰባሰብ ግን ብዙ ዓሥርተ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል።

የ2008 ዓ.ም. የውድድር ዘመን

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በ1990 ዓ.ም. ተመሠረተ። ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ሁለተኛ ደረጃ ከፍተኛ ሊግ ይባላል። በ2008 ዓ.ም. ክለቦቹ በሁለት ምድብ ተከፍለው ተወዳደሩ። በዚያ ዓመት የላይኛው ሊግ ከ14 ወደ 16 ቡድን እንዲያድግ ስለ ተወሰነ፣ ሁለት ቡድኖች ወርደው አራት ቡድኖች ይወጡ ነበር። ይህም ማለት በሩ ከሌላው ጊዜ ሰፋ ብሎ ነበር ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ በላይኛው ሊግ የጎንደር ከተማ ተወካይ ዳሽን ቢራ ነበር። ስሙ እንደሚያመለክተው የፋብሪካ ቡድን ነው። ፋሲል ከነማ ደግሞ በ1960 ዓ.ም. የተመሠረተና የከተማው ሕዝብ የራሱ አድርጎ የሚያየው ቡድን ሲሆን፣ የሚጫወተው ግን በታችኛው ደረጃ ነበር። ‹‹ከነማ›› የሚለው ቃል ‹‹የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር›› የሚለው አጽሕሮት መሆኑ ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል። በዓመቱ መጨረሻ ዳሽን ቢራና ሀዲያ ሆሳዕና ከላይኛው ሊግ ወረዱ። ፋሲል ከነማ፣ ወልድያ፣ ጅማ አባ ቡናና አዲስ አበባ ከተማ ወጡ። እንግዲህ ጎንደር በአንድ የውድድር ዘመን ውስጥ የፋብሪካዋን ቡድን አጥታ የነዋሪዎችዋን ቡድን አገኘች ማለት ነው።

ይህ ለውጥ ምን ያስተምራል? የፋብሪካ ቡድን የሚቆመው የፋብሪካው ሒሳብ እስከ ፈቀደ ድረስ ነው። የነዋሪዎች ቡድን የሚቆመው በከተማው አስተዳደርና በደጋፊው ትከሻ ላይ ነው። ሁለቱም የየራሳቸው ደካማ ጎን አላቸው። ሆኖም ሁለተኛው ደረጃ ባይኖር ኖሮ የዳሽን መውረድ ጎንደርን ከአገር አቀፍ ውድድር ፈጽሞ ያስወጣት ነበር። በሩ ክፍት ስለ ነበረ ግን አንዱ ሲወጣ ሌላው ገባ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2009 ዓ.ም.፣ መቀሌና ወልዋሎ አዲግራት ከዚያው ከከፍተኛ ሊግ ወጡ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ስሑል ሽረ ተከተለ። መቀሌ 70 እንደርታ በ2011 ዓ.ም. የአገሪቱ ሻምፒዮና ሆነ። ፋሲል ከነማ በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ እየተመራ በ2013 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ወሰደ። ከሁለተኛው ደረጃ በወጡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁለት የሰሜን ከተሞች የአገሪቱን ዋንጫ ማንሣታቸው፣ በታችኛው ደረጃ የነበረው ችሎታ ሳይሆን ዕድል ብቻ እንደ ጎደለ በቂ ማስረጃ ነው።

ገዳሪፍ በራስዋ በር

በሱዳን የታችኛው ደረጃ አሠራር ከእኛ ይለያል። በየከተማው የአካባቢ እግር ኳስ ማኅበር አለ። ማኅበሩም የራሱን ሊግ በአንደኛ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ደረጃ ከፍሎ ያካሂዳል። በአካባቢው አንደኛ የወጣ ቡድን ከሌሎች ክፍላተ ሀገር አሸናፊዎች ጋር በማጣሪያ ይጋጠምና ያሸነፈው ወደ ፕሪሚየር ሊግ ይገባል። ስለዚህ የገዳሪፍ ቡድን ሁለት ፈተና አለበት፤ መጀመሪያ በሠፈሩ፣ ቀጥሎም በአገሩ ማሸነፍ አለበት።

ይህን ፈተና ካለፉት አንዱ የገዳሪፍ አል ሹርጣ ነው። ሹርጣ ማለት ፖሊስ ማለት ነው። ቡድኑ በ2010 ዓ.ም. ግድም በነበሩት ዓመታት በሱዳን ፕሪሚየር ሊግ ተጫውቷል። የጎንደር የላይኛው ሊግ ወኪል የቢራ ፋብሪካ እንደ ነበረ ሁሉ፣ የገዳሪፍም ወኪል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቡድን ነበር። በጠረፍ ከተማ ደመወዝ በየወሩ የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ ከቡድኑ ስም ይታወቃል። ይህን የመሰለ ማስረጃ ከብዙ የታሪክ መጽሐፍ በቀላሉ አይገኝም።

በሩ ሲዘጋ

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ተነሣ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ50,000 በላይ ሰዎች በሐምዳየትና በሌሎች መሻገሪያዎች ወደ ምሥራቅ ሱዳን ገቡ። ብዙዎቹ በገዳሪፍ ክፍለ ሀገር በኡም ራኩባና በቱነይድባ ሠፈሩ። ኡም ራኩባ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜም ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ያረፉባት ቦታ ናት። መቀሌ፣ ወልዋሎና ስሑል ሽረ ከሊጉ ወጡ፤ የተመለሱትም በ2017 ዓ.ም. ነው። በሦስት ዓመት ትግል የገቡበት በር ለአራት የውድድር ዘመናት ተዘጋባቸው ማለት ነው።

ፋሲል ከነማም ቢሆን በ2013 ዓ.ም. ያገኘውን ዋንጫ ያገኘው ከሜዳው ርቆ ነው። በኮሮና በሽታ ምክንያትና ለቴሌቪዥን ሥርጭት እንዲመች ተብሎ ውድድሩ በዙር በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ተካሄደ። ቲኬት ቆርጦ፣ ከበሮ መትቶ ቡድኑን ከታችኛው ሊግ ያወጣው የጎንደር ሕዝብ ድሉን በቴሌቪዥን አየ። በዚህ አሠራር የመንገድ ወጪ መቀነሱ፣ ለክለቦቹም ከሥርጭቱ ገቢ መገኘቱ እውነት ነው። ነገር ግን ከተማዋ ወደ ሊጉ ስትገባ ሊጉ ወደ ከተማዋ ካልመጣ በሩ ግማሽ ብቻ እንደ ተከፈተ እንቆጥረዋለን።

ከዚያም ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ፈነዳ። የሱዳን ፕሪሚየር ሊግ ተቋረጠ። ከካርቱምና በኋላም ከጀዚራ የተፈናቀለ ብዙ ሕዝብ ገዳሪፍ ገባ። ሌላው በገላባትና በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረና በኩመር መጠለያ ሠፈረ። መንገዱ ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት የኢትዮጵያውያንን ስደት አይቶ ነበር፤ አሁን የሱዳናውያንን ስደት በተቃራኒው አቅጣጫ ተመለከተ።

በዚህ ጊዜ የታየው ልዩነት የጽሑፋችንን ዋና ሐሳብ ያስረዳል። አል ሒላልና አል መሪኽ በ2017 ዓ.ም. የውድድር ዘመን በሞሪታንያ ሊግ በእንግድነት እንዲጫወቱ ተፈቀደላቸው። ስማቸው ታላቅ፣ ዋንጫቸውም ብዙ ነውና የሚቀበላቸው አገር አገኙ። ግብዣው ለሁለቱ እንጂ እንደ ገዳሪፍ ላሉ ከተሞች ቡድኖች አልነበረም። ጦርነት ታላቁን ቡድን ከአገሩ ያስወጣዋል፤ ለታናሹ ቡድን ግን የሚወጣበትንም የሚገባበትንም ደረጃ ያፈርስበታል። የአገር ውስጥ ደረጃዎች እንደ ገና ካልተሠሩ፣ ሰላም ሲመለስ ከየከተማው አዲስ ስም ወደ ሰንጠረዡ የሚወጣበት መንገድ አይኖርም።

ለክፍል ሥራ

ይህን ርእስ በክፍል ውስጥ ለመጠቀም የሚፈልጉ መምህራን ሦስት ነገር ሊያሠሩ ይችላሉ። አንደኛ፣ ተማሪዎች የምሥራቅ ሱዳንንና የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን ካርታ ሥለው የባቡር ሐዲዱን፣ የአውራ ጎዳናውንና በላይኛው ሊግ የተጫወቱ ቡድኖች ያሉባቸውን ከተሞች ምልክት ያድርጉ። ቡድን ያለባቸውና የሌለባቸው ከተሞች በምን እንደሚለያዩ ራሳቸው ይድረሱበት። ሁለተኛ፣ ከሒሳብ መምህሩ ጋር በመተባበር የአንድን ምድብ የውድድር ዘመን ያስሉ። 16 ቡድኖች ደርሶ መልስ ቢጋጠሙ እያንዳንዱ ቡድን 30 ጊዜ ይጫወታል፤ 15ቱ ከሜዳው ውጭ ነው፤ በምድቡ በጠቅላላው 240 ግጥሚያ ይደረጋል። ጎንደር ከአዲስ አበባ 730 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ምትርቅ አንድ ደርሶ መልስ ጉዞ ብቻ ምን ያህል ነዳጅ፣ አልጋና ምግብ እንደሚጠይቅ ይገምቱ። ሦስተኛ፣ የክለቦችን ስም ሰብስበው የፋብሪካ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስ፣ የባንክና የከተማ እያሉ ይመድቡ።

በማሠልጠኛ ተቋማችን ዕጩ መምህራን ‹‹እግር ኳስ ምኑ ታሪክ ነው?›› እያሉ ሲጠይቁን እንሰማለን። መልሳችን አጭር ነው። የሊግ ሰንጠረዥ የአንድ አገር ከተሞች በአንድ ደንብ የተጻፉበት ወረቀት ነው። ተማሪው የአንደኛውን ስም ብቻ አንብቦ እንዳያልፍ፣ ከታች ያለውን የመውጫና የመውረጃ መስመር ፈልጎ በዚያ መስመር ላይ የቆሙት ከተሞች የት እንደሚገኙ፣ በየትኛው መንገድ እንደሚደረስባቸው፣ መንገዱም በዚያ ዓመት ክፍት መሆን አለመሆኑን እንዲጠይቅ እናስተምረው።