የሳንባ ሕመምና የአእምሮ ጤና (ቆቦና ራያ ቆላ)
አስም፣ ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ ጥበት ወይም የሳንባ ነቀርሳ ጠባሳ ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ይበልጥ ለጭንቀትና ለድባቴ ይጋለጣሉ። በወልድያና በአላማጣ መካከል ባለው የቆቦ ሜዳ የሴቶችን ሳንባ የሚጎዳው ከትምባሆ ይልቅ በማዕድ ቤት የሚጨሰው እንጨት፣ ኩበትና የማሽላ አገዳ ነው። ትንፋሽ ሲያጥር ፍርሃት ይመጣል፤ ፍርሃቱ ደግሞ አተነፋፈስን አፍጥኖ እጥረቱን ያባብሰዋል። መተኛት የፈራ ሰው ትራስ ደራርቦ ቁጭ ብሎ ያነጋል። በተለምዶ «ፓፍ» የሚባለው የትንፋሽ መድኃኒት ሳልቡታሞልም እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ልብ ያስመታል፤ ከጭንቀት ጋር በቀላሉ ይምታታል። ድባቴው ይበልጥ ይታለፋል፤ ድካሙም እንቅልፍ ማጣቱም በሳንባው ይሳበባልና። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሰሜኑ ጦርነት ቆቦን ደጋግሞ ሲያገኛት በሕመሙ ላይ ሐዘንና መፈናቀል ተደርቧል። ስለዚህ ስለ ሳል የሚጠይቅ ባለሙያ ስለ ተስፋ መቁረጥም ሊጠይቅ ይገባል፤ ድባቴ ከሳንባ ሕመም ጋር ቢመጣም ይታከማል።