ዘር በፖስታ ሲመጣ

አክስቴ ካረፈች በኋላ ከቨርጂኒያ የመጣውን ሻንጣዋን ስናራግፍ፣ ሽፋኑ ላይ «ወርቁ» የሚል ስም በወርቅማ ፊደል የተጻፈበት መጽሐፍ አገኘሁ። ገጾቹ መካከል እ.ኤ.አ. በ1996 በፖስታ የደረሳት ማስታወቂያ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ስሙ ተጠንቶ መጽሐፍ መዘጋጀቱን፣ የቀረው ቅጂም ጥቂት መሆኑን ያበስራል። ግማሹ ሰዎች ወደ አሜሪካ እንዴት እንደፈለሱ የሚተርክ፣ ለማንም ስም የሚሆን ጽሑፍ ነው። የቀረው ከስልክ ማውጫ የተለቀመ የወርቁዎች አድራሻ!

አንባቢዬ፣ ነገሩ የሚያስቀው እዚህ ላይ ነው። ወርቁ የአክስቴ አባት ነው፤ የወርቁ አባት ደግሞ ስሙ ሌላ ነው። የእኛን የአባት ስም የቤተሰብ ስም ያደረገው የአሜሪካ ፎርም ነው። ዝርዝሩ ላይ ያሉት ወርቁዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አባት ልጆች ናቸው።

አሜሪካ የፖስታ ማጭበርበርን እ.ኤ.አ. በ1872 ወንጀል አድርጋለች። ማስታወቂያው ግን ብልጥ ነው፤ «ቤተሰብዎ» አይልም፣ «ስምዎ» ነው የሚለው።

ንግዱ አዲስ አይደለም። ጉስታቭ አንዡ የተባለ የስዊድን ተወላጅ ኒውዮርክ፣ ስታተን አይላንድ ተቀምጦ እ.ኤ.አ. በ1942 እስኪሞት ድረስ ለባለጸጎች የትውልድ ሐረግ ሲሸጥ ኖሯል። ለአንድ ሐረግ 9 ሺህ ዶላር ያህል ያስከፍል እንደነበር ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1991 አሜሪካውያን አጥኚዎች ዘዴውን ሲያጋልጡ የተገኘው ግን ተራ ቅጥፈት አልነበረም። አብዛኞቹ የጠቀሳቸው ሰነዶች በእርግጥ ያሉ፣ ያለውንም የሚሉ ናቸው። በመካከላቸው ግን አንዲት ሰነድ ጣል ያደርጋል፤ ደንበኛውን ከመኳንንት ጋር የምታጋባው ያቺው የፈጠራ ሰነድ ናት። ከመቶ እውነት መሐል አንዲቱን ውሸት ማን ይለቅማል?

እኛስ? ጎጃምና ጎንደር ርስት በትውልድ ይጠየቅ በነበረበት ዘመን፣ በአባትም በእናትም እስከ አቅኚው አባት ድረስ ቆጥሮ መሬት መካፈል ይቻል ነበር። ቆጠራው ሙግት ነበርና አንድ ስም የጨመረ አይጠፋም። ልዩነቱ፣ ሐሰተኛውን ሐረግ «አያትህንማ አውቀዋለሁ» ብሎ የሚያፈርስ ሽማግሌ ሸንጎው ላይ መቀመጡ ነው። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ሙግቱም ቆጠራውም አብረው ቀሩ።

መጽሐፉን ልጥለው ነበር። አክስቴ ፊደል የቆጠረች፣ ገንዘብ የምትቆጥብ ሴት ስለነበረች እንዴት ተታለለች ብዬ ተናድጃለሁ። እንደገና ሳገላብጠው የአድራሻው ገጾች ላይ የእርሳስ ምልክት አየሁ። ታላቅ ወንድሟ ታደሰ ወርቁ በደርግ ጊዜ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን እንደወጣ ወሬው ጠፍቷል። ከዝርዝሩ ውስጥ ስማቸው በ«ቲ» የሚጀምር አራት ወርቁዎችን አስምራባቸዋለች። ሦስቱን መልሳ ሰርዛቸዋለች። የአራተኛው፣ የዴንቨሩ ወርቁ፣ አጠገብ ሁለት ጊዜ «አያነሳም» ብላ ጽፋለች።