ሐዘን የማይቸኩልበት ሙዚቃ

«ሰው እንዴት ወዶ ቀብር ያዳምጣል?» አለኝ ጓደኛዬ፣ ማዳመጫዬን ወስዶ ጥቂት ከሰማ በኋላ። አባቴ ካረፈ ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ልሞክር።

ነገሩ የሚጀምረው እንግሊዝ፣ በርሚንግሃም ነው። ብላክ ሳባዝ የተባለው ባንድ በ1970 (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ። ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ ፋብሪካ ሲሠራ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ማሽን ቆርጦበት ነበር። ኋላ ላይ የጊታሩን ክሮች እያላላ፣ ድምፁን እያወፈረ ይጫወት ጀመር። «ዱም ሜታል» የሚባለው ዝግ ያለና ከባድ አጨዋወት ሥሩ እዚያ ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ የፊንላንድ ወጣቶች ይህንኑ ይበልጥ አዘገዩት። ቴርጎቶን በ1994፣ ስኬፕቲሲዝም በ1995 ያወጧቸው አልበሞች «ፊዩነራል ዱም» ለተባለው ስልት መሠረት ተደርገው ይቆጠራሉ። ስኬፕቲሲዝም የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን የሚመስል ድምፅም ጨመረበት። ያኔ ፊንላንድ የሶቪየት ኅብረት ገበያዋን አጥታ፣ ባንኮቿ ተናግተው፣ ሥራ አጥነቱ ከ15 በመቶ አልፎ ነበር። ሙዚቃውን የወለደው ቀውሱ ነው ብዬ ግን አልከራከርም፤ በዚያው ሰሞን እንግሊዝና አውስትራሊያ ውስጥም ተመሳሳይ ባንዶች ተነሥተዋል። ደግሞም በካሬሊያ ምድር ለሟች በዜማ የሚያለቅሱ አስለቃሽ ሴቶች ከጥንትም ነበሩ።

ለእኔ ትልቁ ምስክር ግን አሜሪካ ነው ያለው። ቤል ዊች የሲያትል ባንድ ነው፤ ጊታር የለውም፣ በዋናነት ቤዝና ከበሮ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረው ከበሮ መቺና ድምፃዊ አድሪያን ጌራ በ2016 ሞተ። በ2017 «ሚረር ሪፐር» የተሰኘ አልበም ወጣ። አንድ ዘፈን ብቻ፣ 83 ደቂቃ። መሐል ላይ ሲደርስ የሟቹ ድምፅ ይሰማል፤ ከቀድሞ ቀረጻ የተረፈውን ጓደኞቹ አስገቡት። እኔም ያን ሰሞን የማዳምጠው ይህንኑ ነበር።

83 ደቂቃ ለዘፈን ረጅም ነው። ለለቅሶ ግን ምንም አይደለም። እኛ ድንኳኑ እስኪፈርስ ድረስ ሐዘንተኛውን አንለይም፤ ይህ ትልቅ ሀብታችን ነው። ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ግን «በርታ፣ እርሳው» ይበዛል። ሥራም፣ ስልክም፣ ዜናም ይቸኩላል። ይህ ሙዚቃ አይቸኩልም። በአንዱ የከበሮ ምትና በሚቀጥለው መካከል ትንፋሽ የሚወሰድበት ጊዜ አለ። «ተጽናና» አይልህም፤ አብሮህ ይቀመጣል።

ሁሉም ይውደደው አልልም፤ ድምፁ ከባድ ነው፣ ቃሉም ብዙ ጊዜ አይለይም። ግን የሚያዳምጠውን ሰው «ጨለማ ወዳድ» ከማለታችን በፊት «ማንን አጥተህ ነው?» ብለን እንጠይቅ። ለጓደኛዬ ያልሰጠሁት መልስ ይኸው ነው።