ማካሬንኮና ወላጅ ያላቸው ልጆች

አንድ ወጣት ባጠፋ ቁጥር «የማን ልጅ ነው?» ብሎ መጠየቅ የቆየ ልማድ ነው። ይህን ጥያቄ ለዓመታት ወደ ጎን ትቶ ኖሮ በመጨረሻ ራሱ ወደ ወላጆች ደጃፍ የሄደ አንድ መምህር ነበር፤ አንቶን ሴሚዮኖቪች ማካሬንኮ።

የዓለም ጦርነት፣ የእርስ በርስ ጦርነትና በ1921 (እ.ኤ.አ.) የገባው ረሃብ ተደራርበው በሶቪየት ምድር በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕፃናትን ያለ አሳዳጊ አስቀርተዋል። ማካሬንኮ በ1920 በዩክሬን፣ በፖልታቫ አጠገብ ለወጣት አጥፊዎች የተቋቋመውንና ኋላ በማክሲም ጎርኪ ስም የተጠራውን የማረሚያ ሠፈር እንዲመራ ተሾመ። ወደዚያ የሚላኩትን ልጆች ያለፈ ታሪካቸውን የያዘ መዝገብ ይከተላቸዋል። ማካሬንኮ በመጀመሪያ መዝገቡን ያጠና ነበር፤ ኋላ ግን ተወው። ልጁ የሚመዘነው ትናንት በፈጸመው ጥፋት ሳይሆን ዛሬ በእርሻው፣ በቡድኑና በጠቅላላ ስብሰባው በሚይዘው ቦታ ነው ብሎ ያምን ነበርና።

ከ1927 ማብቂያ ጀምሮ በካርኪቭ አጠገብ በቆመው የድዘርዢንስኪ ኮምዩን ግን ሌላ ፈተና ገጠመው። ወጣቶቹ «ፌድ» የተሰኘውን የፎቶግራፍ ካሜራ እስከ መሥራት በደረሱበት በዚህ ተቋም፣ በ1930ዎቹ እናትና አባት ያላቸው አስቸጋሪ ልጆች እየበዙ መጡ። ማካሬንኮ እንደ መሰከረው ይበልጥ የከበዱት እነዚህ ነበሩ። የጎዳናው ልጅ ከኮምዩኑ በቀር መጠጊያ የለውም፤ ባለ ወላጁ ግን የአባቱ ገንዘብ፣ አንዳንዴም መኪናው፣ ከኋላው ቆሞለታል።

በ1937 በራዲዮ ለወላጆች ባሰማው ትምህርት ሐሰተኛ ያላቸውን የወላጅ ሥልጣኖች ዘርዝሯል፦ በማስፈራራት የሚገዛ፣ ከልጆቹ ርቆ ትእዛዙን በእናት አፍ የሚልክ፣ በስጦታ መታዘዝን የሚሸምት፣ በሥራው ማዕረግ በቤቱ የሚኩራራ። ባለ ሥልጣን የሆነ አባት እዚህ ላይ ሲደርስ ገጹን ቶሎ እንዳይገልጥ! በዚያው ዓመት በታተመው የወላጆች መጽሐፉ አንድ ልጅ ብቻ ማሳደግን እንደ ትልቅ አደጋ መቁጠሩ ግን የተጋነነ ይመስለናል፤ የልጅ ቁጥር ብቻውን ባሕርይን አይወስንም።

ታዲያ መዝገቡን የዘጋ ሰው ቤተሰብን መመርመሩ ከራሱ ጋር መጣላት ነውን? አይደለም። መዝገቡ ያለፈውን ይናገራል፤ በሕይወት ያለ ወላጅ ግን ልጁን ዛሬም ማታ እየቀረጸው ነው። ከዚያ መጽሐፍ በደራሲው ዘመን ለንባብ የበቃው የመጀመሪያው ክፍል ብቻ ነበር፤ ማካሬንኮ ኤፕሪል 1 ቀን 1939 አረፈ።